ስለ አላህ ሲፋት የጠየቃችሁኝ

አሰላሙ ዐለይኩም። ስለ ሲፋት፣ ማለትም ስለ አላህ ባሕርያት፣ ጥያቄው በዝቷል፤ የቻልኩትን ያህል ልመልስ። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኡስታዝ፣ ቁርኣን አላህን «ዐዋቂ፣ ቻይ፣ ሰሚ» ይለዋል። ታዲያ ምኑ ነው ያከራከረው?

መልስ፦ ቃሉን የካደ አልነበረም ወንድሜ። ጭንቁ ከቃሉ ጀርባ ነው። አንድን ሰው «ዐዋቂ ነው» ስንለው፣ ሰውየው ሌላ ነው፣ ዕውቀቱ ሌላ። ትናንት አልነበረውም፣ ነገ ሊረሳው ይችላል። አላህን ግን እንዲህ አንለውም። ዕውቀቱ መጀመሪያ የለውም ካልን ደግሞ፣ ከአላህ ጋር ሌላ መጀመሪያ የሌለው ነገር አለ ማለት ነው? ችሎታውንና ሕይወቱን ስንጨምርስ ስንት ሊሆን ነው? ተውሒድ፣ ማለትም የአላህ አንድነት፣ የተነካ የመሰላቸው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሙዕተዚላዎች ሲፋትን ክደዋል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሙዕተዚላዎች እምነትን በአእምሮ ማስረጃ የሚያስረዱ የቀድሞ ሙስሊም ሊቃውንት ናቸው፤ «ክደዋል» የተቃዋሚዎቻቸው አነጋገር ነው። ከነሱ አንዱ፣ የበስራው አቡል ሁዘይል፣ አላህ በዕውቀት ዐዋቂ ነው፣ ዕውቀቱም ራሱ እሱ ነው ይሉ ነበር። የፈለጉት አንድነቱን መጠበቅ ነው፤ ይህን ሳንረዳ ባንፈርድባቸው ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ይከብዳቸዋል። ዕውቀቱም እሱ፣ ችሎታውም እሱ ከሆነ፣ ማወቅና መቻል አንድ ሆኑ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «እሱም አይደሉም፣ ከእሱም ሌላ አይደሉም» የሚባለው ነገር ፈጽሞ አልገባኝም። እርስ በርሱ አይጋጭም?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔንም ብዙ አስቸግሮኛል። የኢማም አሽዐሪ ተከታዮች አባባል ነው። አሽዐሪ እስከ 40 ዓመታቸው ገደማ ሙዕተዚላ ነበሩ፤ የአል-ጁባኢ ደረሳ ናቸው። ቁልፉ «ሌላ» የሚለው ቃል ነው። እነሱ ዘንድ ሁለት ነገሮች «ሌላና ሌላ» የሚባሉት አንዱ ያለ ሌላኛው መኖር ሲችል ነው። አላህ ያለ ዕውቀቱ ኖሮ አያውቅም፤ ዕውቀቱም ያለ እሱ የለም። ስለዚህ «ሌላ» አይባልም። «አላህ» ስንልና «ዕውቀት» ስንል ግን ትርጉሙ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ «እሱ ነው» አይባልም። እንዲህ ብለው ሰባት ሲፋት ቆጠሩ፦ ሕይወት፣ ዕውቀት፣ ችሎታ፣ ፈቃድ፣ መስማት፣ ማየት፣ ንግግር። የሰመርቀንዱ ማቱሪዲና ተከታዮቻቸው ማስገኘትን ስምንተኛ አደረጉ። ለኔ ከሁሉም ልብ የሚያሳርፈኝ የነዚህ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ይሄ የሊቃውንት ጨዋታ አይደለም እንዴ? ለተራው ሰው ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ ጨዋታ ቢሆን ሰው ባልተገረፈበት። ንግግር ከሲፋቱ አንዱ ነው። ታዲያ ቁርኣን የአላህ ንግግር ከሆነ፣ የተፈጠረ ነው ወይስ ያልተፈጠረ? በ833 ኸሊፋው አል-መእሙን ቃዲዎችንና ዑለማዎችን፣ እንደ ሙዕተዚላዎች «ተፈጥሯል በሉ» ብሎ በግድ አስመረመረ። አብዛኛው እሺ አለ። ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል እምቢ አሉ። ታሰሩ፤ ቀጥሎ በመጣው ኸሊፋ በአል-ሙዕተሲም ዘመን ተገረፉ፤ ቃላቸውን ግን አላጠፉም። ሙዕተዚላዎችን በሐሳባቸው አከብራቸዋለሁ፤ ለዚህ ግፍ የተባበሩትን ግን ይቅር ማለት ያቅተኛል።

ጥያቄ፦ ቁርኣን ውስጥ «የአላህ እጅ» የሚለውስ?

መልስ፦ አንዳንዶች «ችሎታው» ብለው ተረጎሙት። ሌሎች «እንዴት ሳንል እንቀበላለን» አሉ፤ ቢላ ከይፍ የሚባለው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ጉዳዩ ከሙስሊሞች ወጥቶ ያውቃል?

መልስ፦ በደንብ! በ1204 ግብጽ ውስጥ ያረፈው አይሁዳዊው ሙሳ ኢብኑ መይሙን የከላምን፣ ማለትም ስለ እምነት በአእምሮ የመሟገት ትምህርትን፣ ክርክር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ በዐረብኛም ጻፈበት። እሱ ከሙዕተዚላም አልፎ ሄደ። «ፈጣሪ ዐዋቂ ነው» ስንል ማለት የምንችለው «አላዋቂ አይደለም» ብቻ ነው አለ።