ልጅሽን የካቶሊክ ትምህርት ቤት ከማስገባትሽ በፊት በዕረፍት ሰዓት ግቢውን እዪ

ሰላም እህቴ። የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፦ እኛ ኦርቶዶክስ ሆነን ልጄን ሐዋሳ ያለ የካቶሊክ ትምህርት ቤት 1ኛ ክፍል ባስገባት ሃይማኖቷን ይነኩባታል ወይ፣ ደግሞስ «የትምህርት ፍልስፍናችን» የሚሉት በተግባር ምንድን ነው።

የመጀመሪያው አያስጨንቅሽ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ (እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው) ቁጥር 748 ማንንም ከኅሊናው ውጪ አስገድዶ ካቶሊክ ማድረግን ይከለክላል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ የምትማረው ሌላው ልጅ የሚማረውን ነው። አንድ ነገር ግን ጠይቂ፦ ጠዋት ሰልፍ ላይ ጸሎት ካለ፣ የማይጸልይ ልጅ ምን ያደርጋል? «በአክብሮት ዝም ብሎ ይቆማል» ካሉሽ በቂ ነው። የጾም ምሳ ይዛ ስትሄድ ማንም ምግብ እንዳያካፍላት ለክፍል መምህሯ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ በዚህ ዕድሜ ልጆች ምሳ ዕቃ ከፍተው መቃመስ ይወዳሉ።

ወደ ፍልስፍናው ልምጣ። ብዙ ወላጅ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲል የሚታየው ጥብቅ ሥርዓት፣ ጸጥ ያለ ሰልፍና የምትፈራ ሲስተር ናት። ሐሳቡ ግን ከዚያ የተለየ ነው። ብዙ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሚከተሉት የዶን ቦስኮን (1815–1888) የመከላከል ዘዴ ነው። ጣሊያን አገር ቱሪን ከተማ ውስጥ ጎዳና ላይ የወደቁና ከእስር የወጡ ልጆችን ሰብስቦ ያስተምር የነበረ ካህን ነው፤ የመሠረተው ማኅበር እኛው አቅራቢያ ዲላ ድረስ ይሠራል። ዘዴው በሦስት ነገር ይቆማል፦ ምክንያቱን ማስረዳት፣ ሃይማኖትና ፍቅር። በሌላው ዘዴ ደንብ ይነገራል፣ ከዚያ ጥፋተኛ ይጠበቃል፣ ሲገኝ ይቀጣል። በዚህኛው ደንቡ ከተነገረ በኋላ ትልቁ ሰው ከልጆቹ አይለይም፤ ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት እዚያው ነው።

ለዚህ ነው ክፍል ከማየትሽ በፊት ዕረፍት ሰዓት ላይ ግቢውን እዪ የምልሽ። መምህራኑ የት ናቸው? የ1ኛ ክፍል ልጅ የምትገፋውና የምትፈራው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ቧንቧው ሰልፍና መጸዳጃ ቤቱ በር። እዚያ መምህር ከቆመ ፍልስፍናው አለ። ሁሉም ማረፊያ ክፍል ገብተው ግቢውን አለንጋ ለያዘ ዘበኛ ከተዉት ግን ግድግዳው ላይ የተጻፈው ቃል ብቻውን ነው። የሚበላሸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን በድካም ነው፤ 40 40 ደቂቃ እየቆመች ስታስተምር የዋለች መምህርት ዕረፍቷን ሁሉ ግቢ ልትጠብቅ አትችልም። ስለዚህ የተራ ሠንጠረዥ እንዳላቸው ጠይቂ።

ቅጣትንም ጠይቂ። አንዱ ሌላውን ገፍቶ ምሳ ቢያስደፋ፣ በዘዴው መሠረት መምህሯ መጀመሪያ ትለያያቸዋለች፤ ንዴቱ እስኪበርድ ትቆያለች፤ ከዚያ ከሌሎች ፊት ገለል አድርጋ ራሱ እንዲናገር ታደርጋለች፤ በመጨረሻም የተደፋውን ያነሳል፣ የተጎዳውን ይክሳል። ሰው ፊት ማዋረድ የለም። ማንበርከክ፣ ጆሮ መቆንጠጥና ዱላ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የከለከለው ነገር ነው፤ «ትንሽ ብቻ ነው» የሚል መልስ አትቀበዪ።

በንባብ በኩል የሐሳቡ ሥር ፈረንሳዊው ካህን ዴ ላ ሳል (1651–1719) ነው፤ አዳማ ያለው ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት የእሱ ማኅበር ወንድሞች ትምህርት ቤት ነው። በዘመኑ ልጆች ንባብ የሚጀምሩት በላቲን ነበር፤ እሱ በሚናገሩት በፈረንሳይኛ አስጀመራቸው፣ ምክንያቱም የድሃ ልጅ ቶሎ ትምህርት ቢያቋርጥ እንኳ የሚጠቅመው የራሱ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ሲዳሙ አፎም ሆነ አማርኛ ሳይጸና ልጁን በእንግሊዝኛ ወርክሺት የሚያጥለቀልቅ ትምህርት ቤት፣ ስሙ ካቶሊክ ቢሆንም ከሐሳቡ ርቋል። ቤት ውስጥ ራስሽ ሞክሪያት። «መ ሙ ሚ» ብላ በዜማ ስትወርድ ያነበበች ይመስላል። ትንሽ ቀዳዳ ያለው ወረቀት ገበታው ላይ አድርገሽ አንድ ፊደል ብቻ አሳያት፤ «ሞ»ን ለማወቅ ከ«መ» ጀምራ ከቆጠረች የያዘችው ዜማውን ነው። ጥሩ መምህርት ይህን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታውቃለች፣ ፊደሎቹንም አዘበራርቃ ታስጠናለች።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (የካቶሊክ ጳጳሳት ታላቅ ጉባኤ) እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የልጅ ቀዳሚ አስተማሪ ወላጅ ነው ብሏል። ይህ በአንቺ ላይ ሥራ ይጨምራል። ኮሙኒኬሽን ቡክ በየቀኑ አንብበሽ ትፈርሚያለሽ፤ የቤት ሥራዋን ግን አትጽፊላት፤ በአንቺ እጅ የተስተካከለ ደብተር መምህሯን ያሳስታታል፣ ልጅቷ የት እንደደከመችም ይደብቅባታል። ያው መግለጫ ትምህርት ቤቶቹ ለድሆች እንዲያስቡም ያሳስባል። ክፍያ ለማይችሉ ልጆች ቦታ እንዳላቸው ጠይቂ፤ በመግቢያ ፈተና ጎበዝ ጎበዙን ብቻ መርጦ የሚቀበልን እኔ በበኩሌ አልመርጥም።

ሲስተሮች ስላሉ ብቻም አትርኪ። ልጅሽን ቀኑን ሙሉ የምታገኛት አብዛኛውን ጊዜ ምንኩስና የሌላት፣ ምናልባትም የሌላ እምነት ተከታይ የሆነች መምህርት ናት። ይህን ሁሉ እሷ እንድታውቀው ማን እንደሚያሠለጥናት ርዕሰ መምህሩን ጠይቂ።

የምትሄጂው ደግሞ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ግንቦት ላይ ይሁን። ነሐሴ ለምዝገባ ስትመጪ ግቢው ባዶ ነው፣ የሚታይ ነገር አታገኚም።