«ኸርኒያ ነው አልኩት»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

አምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዛሬ ትዕግሥቴ አለቀ። 44 ዓመቴ ነው፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፤ ታክሲ እነዳለሁ። ከአምስት ወር በፊት የፕሮስቴት፣ ማለትም ከወንድ ፊኛ ሥር ያለችው ዕጢ፣ ካንሰር ተገኝቶብኝ ዕጢው በቀዶ ጥገና ወጣልኝ። በዚህ ዕድሜ! ሐኪሙ ራሱ የመጀመሪያውን የደም ውጤት ማመን አቅቶት አስደግሞኛል።

ባለቤቴን የለመንኳት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለማንም እንዳትናገሪ። ባለፈው ወር ግን ለእህቷ ነገረቻት። እንዴት አወቅህ ካሉኝ፣ እህቷ ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ሶፋው ላይ ልቀመጥ ስል ሮጥ ብላ ፎጣ አነጠፈችልኝ። ምንም አላለችም። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ስንመለስ «ምን አደረግሽኝ?» ብላት «ብቻዬን ከበደኝ፣ ለማን ላልቅስ?» አለችኝ። ማልቀስ ያለብኝ እኔ አይደለሁም ወይ? ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ሽንቴ እያመለጠኝ በየሦስት ሰዓቱ ነዳጅ ማደያ እየቆምኩ ፓድ የምቀይረው እኔ፣ ተሳፋሪ ይዤ ሳስነጥስ የምሳቀቀው እኔ። ምስጢር የማትጠብቅ ሴት ጋር እንዴት ይኖራል? እኔ ከእናቴ እንኳ ደብቄያለሁ። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ኦፕራሲዮን መሆኔን ሰምቶ ሲደውል ኸርኒያ ነው አልኩት። 41 ዓመቱ ነው። «እኔንም ማታ ማታ ሽንት እያመላለሰኝ ነው፣ አረጀን መሰለኝ» ብሎ ሳቀ። አባታችንም በ58 ዓመቱ ሲሞት የሽንት በሽታ ነው ተባለ እንጂ የሕክምና ወረቀቱን በኋላ ሳይ ይኸው የእኔው ካንሰር ነበር። ያ እንኳን ሌላ ታሪክ ነው።

ከፎጣው ቀን ጀምሮ ሳሎን ነው የምተኛው። እውነቱን ልንገርዎ፣ በንዴት ብቻ አይደለም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ወንድነቴ አልተመለሰም። ኪኒኑንም ሞከርኩት፣ አልሠራልኝም። ሁለተኛ ልጅ እንፈልግ ነበር፣ እሱም ቀረ። እሷ ገና 36 ዓመቷ ነው። ልልቀቃት ወይ?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ወንድሜ፣

ፎጣው እንዴት እንዳቃጠለህ ይገባኛል። ግን ባለቤትህንም እህቷንም አልወቅስልህም። የምቆጣው አንተን ነው። «ሌላ ታሪክ ነው» ብለህ ያለፍከው ነገር ዋናው ታሪክ ነው።

አባትህ በ58 ዓመቱ ሞተ። አንተ በ44 ታመምክ። ወንድምህ 41 ላይ ነው፣ አንተም ኸርኒያ አልከው። ይህ በሽታ ከ50 ዓመት በታች ብዙም አይታይም፤ በወጣትነት ሲመጣ፣ ያውም አባትና ልጅን ሲይዝ፣ በዘር የሚወርድ ነገር ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ከአንድ በላይ የቅርብ ሥጋ ዘመዱ በለጋ ዕድሜ የታመመበት ወንድ ገና በ40 ዓመቱ ስለ ምርመራው ከሐኪም ጋር እንዲነጋገር ሲመክር ኖሯል። ወንድምህ 40ን አልፏል። ማታ መነሣቱ ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ዕጢው ያለ ካንሰርም ያብጣል። ካንሰሩ ግን ሲጀምር ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፣ ስለዚህ ምልክት ተብሎ አይጠበቅም። ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ አዲስ አበባም ይሠራል። ትንሽ ደም መስጠት ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። አንተ እንኳ ደብቀህም መድኃኒት አግኝተሃል። መድኃኒት የሚያጣው ያልነገርከው ሰው ነው። አባቶቻችን «የሽንት በሽታ» እየተባለላቸው ሞቱ፣ እኛ ደግሞ ሜሪላንድ ድረስ መጥተን «ኸርኒያ» እንላለን። ይህ ልማድ ያንገበግበኛል። ሐኪምህንም ስለ ዘረመል ምርመራ ጠይቀው። ብራካ 2 በሚባለው ዘረመል ላይ በዘር የሚወርድ ጉድለት ከተገኘ ነገሩ ልጅህንም፣ ሴት ብትሆን እንኳ፣ ይመለከታታል፤ የጡት ካንሰርንም ሊያመጣ ይችላልና።

አሁን ወደ ሳሎኑ። አምስት ወር አጭር ጊዜ ነው። ዕጢውን በግራና በቀኝ ታክከው የሚያልፉ፣ ወንድነትን የሚያነቁ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። ከዚህ በፊት ቀዶ ሐኪሞች ሳያውቁ አብረው ይቆርጧቸው ነበር፤ እነሱን ለይቶ የማትረፉ ቀዶ ጥገና በ1982 እ.ኤ.አ. የተጀመረው እዚሁ አጠገብህ ባልቲሞር ነው፣ በዶክተር ፓትሪክ ዋልሽ እጅ። ነርቭ ቢተርፍም ሲነካካ ያኮርፋል፣ እስኪነቃ ድረስ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ኪኒኑ የሚሠራው በነርቩ በኩል ስለሆነ ነርቩ ተኝቶ ሳለ አልሠራም ማለት መቼም አይሠራም ማለት አይደለም። እስከዚያ መርፌውም፣ ፓምፑም አለ። ያንተ ነርቭ በሁለቱም በኩል ተርፎ እንደሆነ ሐኪምህን ጠይቅ። ጠይቀህ ታውቃለህ? የወጣት ሰውነት ከሽማግሌው ይልቅ ቶሎ ያገግማል፣ ይህን እርግጠኛ ሆኜ እነግርሃለሁ። ፓዱም እንዲሁ፤ ሽንት እንደያዝክ አድርገህ ጡንቻውን የምትጨብጥበት ልምምድ አለ፣ በትክክል የሚያሳይህ ፊዚዮቴራፒስት ፈልግ። አብዛኛው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ይሻለዋል።

ልጅ ቀረ ያልከውስ? ፈሳሹ ነው የቀረው። ዘሩ የሚሠራው ቆለጥህ ውስጥ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አልነካውም። ሐኪም ከዚያ በመርፌ ወስዶ ከሚስትህ እንቁላል ጋር በላቦራቶሪ ሊያገናኘው ይችላል። ውድ ነው፣ ያደክማል። ግን በር አልተዘጋም።

ልልቀቃት ወይ ብለሃል። ማን ልቀቀኝ አለህ? «ለማን ላልቅስ» ያለች ሴት የምታለቅስበት ትከሻ ነው የፈለገችው፣ አንተ ደግሞ ትከሻህን ይዘህ ሳሎን ገባህ። እህቷስ ምን አደረገች? እንድትቀመጥ ብላ ፎጣ አነጠፈች። በደንብ ብታየው ተቀበለችህ እኮ።

ዛሬ ማታ ትራስህን ይዘህ ወደ መኝታ ቤት ተመለስ። ምንም ማድረግ አይጠበቅብህም፣ አጠገቧ ተኛ። ቅዳሜ ጠዋት ለወንድምህ ደውል፤ እዚያ ከሰዓት በኋላ ይሆናል። «ኸርኒያ አልነበረም» ብለህ ጀምር። ስትደውል ባለቤትህ አጠገብህ ትቀመጥ።