አማርኛ ይሰማል፣ አይናገርም

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚሁ የተወለደው የ8 ዓመት ልጃችን አማርኛ ስናወራው ሁሉም ይገባዋል፤ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ለፋሲካ ወንድ አያቱን «አንቺ ነይ» ቢላቸው ቤቱ በሙሉ ሳቀበት። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ክፍሉ ገብቶ ይዘጋል። ትምህርት ቤት «ከየት ነህ?» ይሉታል፣ ዘመድ ደግሞ «ፈረንጅ ሆነሃል» ይለዋል። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ እንከልክል?

መልስ፦ አይከልክሉ። ሲከለከል ዝምታን ይመርጣል፤ የትምህርት ቤት ውሎውን መንገርም ይተዋል። ልጅዎ ያጣው ተሳስቶ የማይሳቅበት ቦታ ነው።

ስህተቱን ራሱን እንየው። እንግሊዝኛ ለሁሉም በአንድ ቃል ይጠራል፤ አማርኛ ግን «ና፣ ነይ፣ ይምጡ» እያለ ይለያል። አዲስ አበባ የሚያድግ ልጅ «ይምጡ፣ ይቀመጡ» ሲባል ከጎረቤትም ከሱቅም ሲሰማ ይውላል። የእርስዎ ልጅ የሚሰማው ዓመት በዓል ሲመጣ ነው። ስለዚህ «አባባ፣ ብላ» ሲል «እንዲህ አይባልም» አይበሉት። እርስዎ ራስዎ «አዎ አባባ፣ ይብሉ እንጂ» ብለው ይለፉ፤ «ድገመው» ማለትም አያስፈልግም። ለዘመዶች ደግሞ ከመምጣታቸው በፊት በስልክ ይንገሯቸው፦ ሳቅም «ፈረንጅ»ም የለም። ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው፤ የኛ ሰው ቀልድ ማሳለፍ አይሆንለትም።

ቀጥሎ አማርኛ የግድ የሚሆንበት ጉዳይ ይፈልጉለት። እንግሊዝኛ የማይችሉ አያት አገር ቤት ካሉ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይደውል፤ አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ይሆናል። 10 ደቂቃ ይበቃል። «ሰላም በላቸው» ብቻ የተባለ ልጅ ሁለት ቃል ተናግሮ ስልኩን ይመልሳል፤ ስለዚህ ጥያቄ ይዞ ይደውል። ሽሮ ለምን እንደሚጓጉል፣ ወይም አባቱ በልጅነቱ ምን አጥፍቶ ይቆጡት እንደነበር ይጠይቅ። ሁለተኛው ወሬ ያስረዝማል።

ፊደልን ከ«ሀ» አያስጀምሩት። ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ገና ከመነሻው ግራ ያጋቡታል። በ፣ ለ፣ ሰ እና ከ ይሻላሉ፦ ቡ ወገቡ ላይ፣ ቢ እግሩ ላይ ጭረት አለው፤ ባ ግራ እግሩ ያጥራል፣ ቤ ቀለበት ያስራል። ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌም እንደዚያው ናቸው። ስልቱ ከገባው ሌሎቹን ራሱ ይገምታል። ሳድስና ሳብዕ ግን ወጥ ሕግ ስለሌላቸው በቃል ይያዙ።

ቡሄን የምታከብሩ ከሆነ ከሦስት አራት ልጆች ጋር በየዘመዱ ቤት ሆያ ሆዬ ይጨፍር፤ እዚያ ኦገስት 19 ይውላል። አማርኛ የሚቀናው ልጅ ያወርዳል፣ የእርስዎ ልጅ በዱላው መሬቱን እየመታ «ሆ!» ይላል። ለመጀመሪያው ዓመት ይሄ በቂ ነው፤ በሚቀጥለው ሁለት ስንኝ ይያዝ።

ለአስተማሪው ሁለት ነገር ይንገሩ፦ ሲቆጡት አንገቱን የሚደፋው አክብሮ ነው፤ ሁለተኛ ስሙ የአባቱ መጠሪያ ስለሆነ ከእናቱ ስም ጋር አይገጥምም።

«ከየት ነህ?» ሲሉት የሚመልሰውን ራሱ ይምረጥ። ዛሬ «ከሜሪላንድ»፣ ነገ «ከኢትዮጵያ» ቢል አያርሙት።