ልጅዎን ወደ ክረምቱ ሥልጠና ስለ መላክ

እህታችን፣ 11ኛ ክፍልን የጨረሰችው ልጅዎ በክረምቱ ሁለት ሳምንት እያደረች ስለ «ሪጀነሬቲቭ ሜዲስን»፣ ማለትም የተጎዳን የሰውነት ክፍል መልሶ ስለሚጠግነው ሕክምና የምትማርበት ዕድል እንዳገኘች ገልጸው፣ «ልላካት ወይስ ለፈተና ትዘጋጅ?» ሲሉ ጠይቀዋል። በደብረ ብርሃን የባዮሎጂ መምህር ስሆን፣ በዚህ መሰል ሥልጠና ላይ ሁለት ክረምት ከተማሪዎች ጋር አድሬ ስላስተማርሁ ያየሁትን ልንገርዎ።

ይላኳት እላለሁ። ነገር ግን ዛሬ ታማሚ የሚድንበትን ሕክምና ገና በምርምር ላይ ካለው ለይተው ያስተምሩ እንደሆነ አዘጋጆቹን አስቀድመው ይጠይቁ። በመጀመሪያው ክረምት እኛ አልለየንም ነበር። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 የበሰሉ የአይጥ ሕዋሳትን በአራት ጂኖች አማካይነት ወደ ስቴም ሴልነት (ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ሕዋስ ሊለወጥ ወደሚችል መነሻ ሕዋስ) እንደመለሰና በ2012 የኖቤል ሽልማት እንደተጋራ በስፋት ተረክንላቸው፤ ልጆቹም እጅግ ተደነቁ። አንድ የመንዝ ልጅ ግን አገሩ እንደገባ፣ ከዛፍ ወድቆ ወገቡ ለተሰበረውና መራመድ ለተሳነው አጎቱ «መድኃኒቱ ተገኝቷል» ብሎ ነገረው። ሰውየው በጎቹን ሸጦ፣ በዘመድ ታዝሎ እኔ ዘንድ መጣና መድኃኒቱ የት እንደሚሰጥ ጠየቀኝ። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የእኛ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት በእርግጥ ከሚሠራው ጀመርን፦ ለደም ካንሰር የሚደረገው የመቅኒ ንቅለ ተከላ ለአሥርት ዓመታት ሰው ሲያድን መኖሩን፣ ለከባድ ቃጠሎም ከታማሚው ቆዳ የተወሰደ ሕዋስ በላቦራቶሪ ተባዝቶ ቁስሉ ላይ እንደሚለጠፍ አስረዳን። የተበጠሰ ሕብለ ሰረሰርን መልሶ የሚቀጥል ሕክምና ግን እስካሁን እንደሌለ ሳንሸሽግ ነገርናቸው።

ውድ መሣሪያ አለመኖሩ ብዙ አያሳስብዎ። እኛ ከወንዝ ድንጋይ ሥር የሚገኘውን ፕላናሪያ የተባለ ጠፍጣፋ ትል በምላጭ ለሁለት አስከፍለን፣ በየዕለቱ በአጉሊ መነጽር እንዲከታተሉት አደረግን (የኮሶ ትል ዘመድ መሆኑን ሲሰሙ ጥቂቶቹ ብርጭቆውን መንካት እንኳ ተጸይፈው ነበር)። በሞቃት ክፍል ቢሆን የጭራው ወገን በሳምንት ገደማ ዓይን ያለው ጭንቅላት ያበቅላል፤ በደብረ ብርሃን የሐምሌ ብርድ ግን ዕድገቱ ስለሚዘገይ ዓይኑ የታየው ልጆቹ ሊበተኑ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው። ጉበታችን ከፊሉ ቢቆረጥ መልሶ ሲያድግ ልባችን ግን ቁስሉን በጠባሳ ብቻ የሚደፍነው ለምን እንደሆነ የጠየቁን በዚያ ትል ዙሪያ ተሰብስበው ሳሉ ነው፤ እኔ በሰሌዳ ላይ ብዙ ዓመት ሳስተምረው እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም።

ለፈተናው ሁለት ሳምንት አይጎዳትም። በሴቶች ማደሪያ ሌሊት የምታድር ኃላፊ መኖሯን ያረጋግጡ፤ ሥልጠናው በእኛ ደጋ ከሆነም ጋቢ ያስይዟት፣ የማደሪያው ብርድ ልብስ አይበቃትም።