ቅናሹ ከየትኛው ዋጋ ላይ ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች እንደ ተመካከሩ ሁሉ ስለ ብር ናቸው። አሳሳች እንዳይሆን አስቀድሜ ልናገር፤ በቋንቋችን ማዕድኑም ብር ነው፣ የአገራችን ገንዘብም ብር ነው። እዚህ «ብር» ስል ማዕድኑን ነው። ዓመቶቹም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ታክሲ እነዳለሁ። አንድ ተሳፋሪ የሴት ራስ ያለበትና «ሊበርቲ» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት የብር ሳንቲም አሳየኝ። «20 ዶላር» ይላል። አንድ አውንስ (31 ግራም ያህል) ንጹሕ ብር እንደሆነ ነገረኝና አሥሩን በ150 ዶላር ልስጥህ አለኝ። እያንዳንዱን በ20 ዶላር ሱቅ ገብቼ መክፈል እንደምችልም ነግሮኛል። ቁጭ ብዬ 50 ዶላር ማትረፌ ነው። ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ስሟ «የብር ምንጭ» ከሆነች ከተማ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስለ ላኩልኝ ግን አመሰግናለሁ።

ሰውየው ያሳየዎት «ሊበርቲ ዶላር» የሚባለውን መሆን አለበት። ያወጣው በርናርድ ቮን ኖትሃውስ የተባለ ሰው ነው፤ በ1998 ጀምሮ ኢንዲያና ውስጥ ከምትገኘው ከኢቫንስቪል ከተማ ያሰራጨው ነበር። መንግሥት የሚያትመው ወረቀት ከዓመት ዓመት አቅሙ ይደክማል፣ ብር ግን ብር ነው የሚል ሰው ነው። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይስማማዋል።

የሚያስተዛዝበው የአሻሻጡ ዘዴ ነው። የድርጅቱ አባል የሆነ ሰው ሳንቲሙን ከተጻፈበት ቁጥር ባነሰ ዋጋ ይገዛል። ከዚያ ሱቅ ገብቶ በተጻፈበት ቁጥር ይከፍልበታል። ልዩነቱ ኪሱ ይገባል። ባለሱቁም ከፈለገ አባል ሆኖ በቅናሽ ይገዛና ለደንበኛ መልስ ሲሰጥ ይጨምረዋል።

እስቲ እናስላው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንድ አውንስ ሳንቲም ላይ የተጻፈው 10 ዶላር ነበር። ያን ጊዜ አንድ አውንስ ብር በገበያ 5 ዶላር አካባቢ ነው። አባሉ ሳንቲሙን በ7 ዶላር ከ50 ገዛው እንበል። ሱቅ ሄዶ የ10 ዶላር ስኳርና ዘይት ሸመተበት፤ 2 ዶላር ከ50 አተረፈ። አውጪውም የማስመቻውን ወጪ ችሎ የራሱን አተረፈ። ባለሱቁስ? የ10 ዶላር ዕቃ ሰጥቶ የ5 ዶላር ብር ይዞ ቀረ። እሱም ኪሳራውን ወደሚቀጥለው ሰው ካላሻገረ በቀር እዳው እሱው ላይ ነው። የብር ዋጋ እየወጣ ሲመጣ ደግሞ በ2005 መጨረሻ ላይ ክብደቱ ሳይነካ የሚጻፈው ቁጥር ከ10 ወደ 20 ዶላር ከፍ ተደረገ። የእርስዎ ተሳፋሪ የያዘው ከዚያ በኋላ የተመታ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ሒሳብ እንመለስ። 15 ሲባል ቅናሽ የመሰለዎት ከ20 ጋር ስላስተያዩት ነው። 20ውን የጻፈው ማን ሆነና? ዕቃውን የሠራው ራሱ ነው! መርካቶ ያደገ ሰው ነጋዴ ሺህ ብሎ ጠርቶ በስድስት መቶ ሲለቅለት አራት መቶ አተረፍኩ ብሎ ለሚስቱ አያወራም።

ከሁሉም የሚገርመው፣ ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በ2025 አንድ አውንስ ብር ከ50 ዶላር በላይ ወጥቷል። ሳንቲሙ እውነተኛ ከሆነ ቀልጦ ቢሸጥ እንኳ ከ20 ዶላር በላይ ያወጣል ማለት ነው። ታዲያ በ15 የሚሸጥልዎ ምን ሆኖ ነው? ወይ ሰርቆታል፣ ወይ በብር የተለበጠ መዳብ ነው፣ ወይ ዋጋውን አያውቅም። ዋጋውን የማያውቅ ብር ሻጭ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ሁለት ሰዎች ከተስማሙ በዶሮም ቢሆን መገበያየት ይችላሉ። ሊበርቲ ዶላርን ያወጣው ሰውዬ ታዲያ ለምን ተከሰሰ?

መልስ፦ ልጄ፣ በዶሮም በማርም ተገበያይ፤ የሚከለክልህ የለም፤ ገቢ ከሆነህ ግብሩን ትከፍላለህ። ሳንቲም ሲሆን ግን የአሜሪካ ፌዴራል የወንጀል ሕግ አንቀጽ 486 አለልህ። ከወርቅ፣ ከብር ወይም ከሌላ ማዕድን እንደ መገበያያ ገንዘብ እንዲያገለግል ሳንቲም የሠራ ወይም ለሌላ ያስተላለፈ እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። የመንግሥትን ሳንቲም ባይመስልም፣ ቅርጹን ራሱ የፈጠረው ቢሆንም ያው ነው።

ይህኛው ደግሞ ይመስል ነበር። የዶላር ምልክት አለው፣ «ሊበርቲ» ይላል፣ «ዩኤስኤ» ይላል። መንግሥት «በእግዚአብሔር እንታመናለን» ብሎ በሚጽፍበት ቦታ እሱ «በእግዚአብሔር ታመን» ብሏል። በ2006 የመንግሥቱ ሳንቲም ማምረቻ በዚህ መገበያየት ወንጀል ነው ብሎ በይፋ አስጠነቀቀ። ኅዳር 2007 ላይ የኤፍቢአይ ሰዎች ወደ ኢቫንስቪሉ ቢሮ መጡና ያገኙትን ሁሉ ጭነው ሄዱ፤ የያኔው የፕሬዚዳንት እጩ የሮን ፖል ምስል የተመታባቸው ሁለት ቶን የሚጠጉ የመዳብ ሳንቲሞችም አብረው ተጫኑ። በመጋቢት 2011 ሰሜን ካሮላይና፣ ስቴትስቪል ከተማ ላይ ጥፋተኛ ተባለ። ዐቃቤ ሕጓ ድርጊቱን የአገር ውስጥ ሽብር ዓይነት ነው እስከ ማለት ደርሳ ነበር። ዳኛው በታኅሣሥ 2014 የፈረዱበት ግን የስድስት ወር የቤት ውስጥ እስርና የሦስት ዓመት ገደብ ነው።

የኔን አስተያየት ከፈለግህ፣ ሽብር የሚለው ቃል አለቦታው የገባ ነው። ይሁንና ጀግና የሚያደርጉትን ሰዎችም አልቀበላቸውም። ስለ ሐቀኛ ገንዘብ የሚሰብክ ሰው የ5 ዶላር ብር ላይ 10 ብሎ አይጽፍም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ትንሽ ግሮሰሪ አለኝ። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ ይህን ሳንቲም በ20 ዶላር ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ምን ላድርገው?

መልስ፦ ከመሳቢያው ያውጡት፤ ለሚቀጥለው ደንበኛ መልስ አድርገው እንዳይሰጡት። የእርስዎ ጥፋት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ባንክ ቢወስዱትም በ20 ዶላር አይቆጥርልዎትም። ልጅቷንም አይቆጡ፤ የአጎቴ ልጅ ሠላሳ ዓመት ነግዶ አንዱን ተቀብሎ ለመታሰቢያ ብሎ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦታል። ሸጠው መገላገል ከፈለጉ ግን አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ፤ ስሙ በፍርድ ቤት የተነሣ ዕቃ ነውና።

ጥያቄ፦ የማስታምማቸው አዛውንት ሲያርፉ ልጃቸው «የብር ደረሰኝ» የሚል የሊበርቲ ዶላር ወረቀት ሰጠኝ። በመጋዘን ለተቀመጠ ብር ምስክር ነው ይላል። ወስጄ ብሩን ላውጣ?

መልስ፦ መጋዘኑ አይዳሆ ውስጥ ነበር፤ ያን ብር በ2007 ኤፍቢአይ ወስዶታል። ባለ ወረቀቶቹ ድርሻችን ይመለስልን ብለው ፍርድ ቤት አቤት ማለት ነበረባቸው። ዛሬ ወረቀቱን የሚፈልገው ምናልባት የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢ ነው። ለዚህ ነው ከወረቀት ሸሽቶ ወደ ብር የሄደ ሰው መልሶ ወረቀት ሲሸጥልኝ የማልገዛው።

ጥያቄ፦ በሕጋዊ መንገድ ብር በቅናሽ የሚገዛበት ቦታ የለም?

መልስ፦ ከገበያ ዋጋ በታች? አያስቡት። እንዲያውም አንድ አውንስ የሆነውን የመንግሥት ሳንቲም፣ ማለት ከ1986 ጀምሮ የሚመታውን ሲልቨር ኢግል፣ ሲገዙ ከብሩ ዋጋ በላይ ይጨምራሉ። ላዩ ላይ የተጻፈውን ያዩ እንደሆነ «አንድ ዶላር» ይላል! ቁጥሩ ከብሩ ዋጋ እጅግ ስለሚያንስ በዚያ የሚታለል የለም። ከዓመት በላይ አስቀምጠው ሸጠው ካተረፉ ግብሩ እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ከብር ውጭ ከሆነ ግን በቅናሽ የሚገዛ ሕጋዊ የአካባቢ ገንዘብ ነበር። ማሳቹሴትስ ውስጥ በ2006 የተጀመረው በርክሼርስ ወረቀት ነው፤ መጀመሪያ ላይ መቶውን በ90 ዶላር ከባንክ ይገዙና በአካባቢው ሱቆች በመቶ ዶላር ይሸምቱበት ነበር። ባለሱቁ ባንክ ሲመልሰው 90 ዶላር ያገኝ ነበር። አሥሩን ዶላር ማን እንደከፈለ አይደበቅም፤ ባለሱቁ ደንበኛ እንዲመጣለት ብሎ አውቆ የተወው ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ አንገቷ ላይ ታደርገው የነበረ ጠገራ ብር አለኝ፤ 1780 ይላል። ወርቅ ቤቱ በ15 ዶላር ልግዛሽ አለኝ። እንዲህ ያረጀ ነገር ዋጋው ይህ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ግን እንዳሰቡት ያረጀም ላይሆን ይችላል። ምስሏ ያለባት የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ከሞተችበት ከ1780 በኋላ የተመቱት ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዙ ናቸው፤ ቪየና ብቻም ሳትሆን ሮምና ለንደንም መትተዋታል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወርር ሲዘጋጅ በ1935 ሮም ላይ ያስመታት እሷኑ ነው።

ማርትሬዛዋን ገልብጠው ይዩልኝ። ስም አላት፣ ንስር አላት፣ ዓመት አላት፤ ስንት እንደምታወጣ የሚናገር ቁጥር ግን የላትም። አያቶቻችን የሚቀበሏት የዘውዷንና የትከሻዋን ዕንቁ እየቆጠሩ፣ ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፅዋን እየሰሙ ነበር። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም የእሷ ክብደት ነው። ምኒልክ ፓሪስ ያስመቱት ብር ክብደቱ ከእሷ ጋር የተስተካከለ ሆኖ ሳለ፣ ባላገሩ በቶሎ አልተቀበለውም፤ የሚያውቃት እሷን ነበር።

ስለዚህ እንደ አያቶችዎ ይመዝኗት። እውነተኛዋ 28 ግራም ከትንሽ ትሆናለች፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ገደማ ነው። ብር የሚመዘንበት አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ ሦስት አራተኛው እጅ መሆኑ ነው። የዕለቱን የአንድ አውንስ ዋጋ ስልክዎ ላይ አይተው በ0.75 ያባዙ። ማግኔት ካነሣት አስመስለው የሠሯት ናት። ማንጠልጠያ ተበይዶባት ከሆነ ሰብሳቢዎች ዋጋ ይቀንሱባታል፤ የማንጠልጠያውም ክብደት ሚዛኑ ላይ ይጨመራል። ወርቅ ቤቱ ስሌትዎን አይቶ ትንሽ ቢቀንስ ወግ ነው፤ እሱም ይብላ። 15 ዶላር ግን ሌላ ሱቅ ይጠይቁ የሚያሰኝ ነው። እንድታምር ብለው በሎሚና በአመድ እንዳይወለውሏት ብቻ።