መልስ፦ ትንፋሽ የሚያጥራቸው እናቴ ሆስፒታል ውስጥ መራመድ አለባቸው?
እህቴ፣ እናትሽ ሥር በሰደደ የሳንባ ሕመም ተኝተው ሳለ ነርሷ «ተነሥተው ይራመዱ» ማለቷ ጭካኔ መስሎሻል። ነርሷ ልክ ናት። እንቅስቃሴ የተጎዳውን ሳንባ አይጠግንም፤ የሚያተርፈው ጡንቻን ነው። አልጋ ላይ በሚያልፉት ቀናት የጭን ጡንቻ በፍጥነት ይሟሽሻል፤ የደከመ ጡንቻ ደግሞ ለትንሽ ሥራ ብዙ አየር ይጠይቃል። ሕመምተኛው ትንፋሽ ሲያጥረው ይፈራል፣ ይተኛል፣ ይበልጥ ይደክማል።

ሐኪሙ ከፈቀደ ከወንበር በመነሣትና በመቀመጥ ይጀምሩ፤ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ጥቂት እርምጃ። አየር በአፍንጫቸው ስበው፣ ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው ከንፈራቸውን አሹለው በዝግታ ያውጡት። መናገር እስኪያቅታቸው ድረስ አትግፊያቸው። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው ያቁሙ።

ኦክስጅን ከታዘዘላቸው ሲራመዱም አይነቀል። መጠኑን ግን በራስሽ እጅ አትጨምሪ፣ እባክሽ! የአየር ቧንቧን በሚያጠብበው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም (COPD) ለብዙዎች የሚፈለገው የደም ኦክስጅን ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደም ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል።

ዋናው የእንቅስቃሴ ሥልጠና የሚመጣው ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ስለሆነ፣ ሳይወጡ የፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ቀጠሮ አስይዢላቸው።