ኖታ አላውቅም፣ ሙዚቃ አስተምር ተባልኩ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ አካባቢ የ2ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ዘንድሮ «ሙዚቃውንም አንተው ያዘው» ተባልኩ። ኖታ አላውቅም፣ መሣሪያም የለንም። ልጆቹ 58 ናቸው። እስካሁን ዶ ሬ ሚን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አስገለብጣቸዋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ትዝ አለኝ። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ ኖታ የሚጻፍበትን አምስት መስመር እያሰመርኩ አስገለበጥኳቸው። ደብተራቸው ያምር ነበር። በአራተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ መቼ ነው የምንዘፍነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ጠመኔውን አስቀምጥና በስማቸው ጀምር። እያንዳንዱ ልጅ ስሙን እየጠራ ያጨብጭብ። አ-በ-በ፣ ሦስት ጭብጨባ። ፋ-ጡ-ማ፣ እሷም ሦስት። ከዚያ ሰላም የምትባል ልጅ ትነሳ። ስትጻፍ ሦስት ፊደል ናት፤ ስትጨበጨብ ግን ሁለት ብቻ፤ ሰ-ላም። ክፍሉ እዚህ ጋ ይከራከራል። ተዋቸው፣ ይከራከሩ። ፊደል መቁጠር ትተው ማዳመጥ የጀመሩት ያኔ ነው።

ቀጥሎ ግማሹ ክፍል በእግሩ እኩል ይርገጥ፣ ግማሹ በዚያ ላይ ስሙን ያጨብጭብ። ልጆች ደስ ሲላቸው ይፈጥናሉ፤ አንተ ከረጋጮቹ ጋር ሆነህ ያዛቸው። ለከበሮ ቢጫ ጀሪካን ይበቃል። አንዱ በተራ ይዙር።

ዘፈኑን ከእነሱው ውሰድ። አንዱ ሲያወርድ ሌላው መቀበልን ከሰፈር ይዘውት መጥተዋል። «ሆያ ሆዬ» ሲባል «ሆ» የማይል ልጅ አላየሁም። ክፍልህ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለሚኖር ግን የበዓል ዘፈን ብቻ አትያዝ። የጨዋታውን፣ የእረኛውን፣ እናት ልጅ ስታስተኛ የምትለውን እሹሩሩ ከየቤታቸው ጠይቀው ይምጡ።

አንድ ነገር አደራ። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ከልጅ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ያህል (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) ዝቅ ይላል። አንተ በሚመችህ ድምፅ ስታወርድ ልጆቹ አንተን ለመምሰል ድምፃቸውን ጉሮሯቸው ውስጥ ያፍኑታል፤ ካልሆነም ይጮኻሉ። ይህን እስክረዳ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ጥርት ያለ ድምፅ ያላት ልጅ ታውርድ፣ አንተ ከተቀባዮቹ ጋር ሁን።

ዜማው የሚጠፋበት ልጅም ይኖራል። «አንተ ዝም በል» እንዳትለው። እኔ ብያለሁ። ልጁ ዓመቱን ሙሉ በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ አፉን አልከፈተም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እንደዚህ ዓይነቱን ልጅ እንደ አምቡላንስ ድምፁን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እያሳብክ አጫውተው። ከዚያ ዜማ በደንብ የሚይዝ ጓደኛው አጠገብ አቁመው። ቀስ እያለ ይገባል።

ዶ ሬ ሚ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ሲመጣም ሰባቱን አንዴ አትዘርግፍባቸው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይበቃል። አምስቱ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው፤ ትዝታ ከአገራችን ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ ከሚሠራባቸው የድምፅ ስብስቦች፣ አንዱ ነው። ልጆቹ ስማቸውን ባያውቁም ጆሯቸው ለምዷቸዋል። ደግሞስ አንተ ያለህበትን አገር አስበው! ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ ወደ ሰሜን። የእነዚህን አገሮች ስም ልጆቹ ከወላጆቻቸው አፍ ሰምተውታል። ቅኝት መሆኑን ሲሰሙ ዓይናቸው እንዴት እንደሚበራ ታያለህ። ከወላጆች መካከል ክራር፣ ማሲንቆ ወይም ዋሽንት የሚጫወት ካለ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ለምነህ አምጣው። ልጆቹ ይንኩት፣ ክሩን ይሳቡት።

ሰኞ በስማቸው ጀምርና ሰላም ጋ ስትደርስ ክፍሉ ምን እንዳለ ጻፍልኝ።